የሶር ውኃ ማደሪያ

ስለ ወንዝ ያልተቀኘ ባለቅኔ፣ ስለ ግድብም ያልዘመረ የኪነት ቡድን በአገራችን ፈልጎ ማግኘት አስቸጋሪ ነው። ከኮቃ እስከ ፊንጫ፣ ከመልካ ዋከና እስከ ሕዳሴ ድረስ ግድብ በተሠራ ቁጥር ግጥም ተገጥሟል፤ ሥዕል ተሥሏል፤ በመድረክም ተዘፍኗል። የእነዚህ ሥራዎች አቀራረብ ከዘመን ዘመን ብዙ አልተለወጠም። ከፊት የብረት ቆብ የደፋ ሠራተኛ፣ ከኋላው ሰማይ የሚታከክ ግንብ፣ ከግንቡ ሥር ነጭ አረፋ የሚደፍቅ ውኃ፣ ከሁሉም በላይ ጨረሩን የሚረጭ አምፑል። ለሠራተኛው ምስጋና ይገባዋል፤ ለግንቡም እንዲሁ። ይሁን እንጂ ከግንቡ በስተጀርባ ያለው ውኃ ከየት ተነሥቶ፣ የት ሲያድር ኖሮ እዚያ እንደ ደረሰ የሚጠይቅ የኪነ ጥበብ ሥራ እኔን እስከ ዛሬ አላጋጠመኝም።

«ዓባይ ማደሪያ የለው፣ ግንድ ይዞ ይዞራል» የሚለውን አባባል የማያውቅ ተማሪ የለም። ሕዳሴ ግድብ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመርቆ፣ 74 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ውኃ የሚይዘው ንጋት ሐይቅ ከግንቡ ጀርባ ተንጣሎ በታየ ጊዜ «እነሆ ዓባይ ማደሪያ አገኘ» ያሉ ብዙዎች ናቸው። ደስ የሚያሰኝ አነጋገር ነው፤ ለታላቁ ወንዝም ልክ ይመጣል። እኔ በዚህ ጽሑፍ የማነሣው ግን ትንሽ ወንዝና ትንሽ ግድብ ነው። ወንዙ ሶር ይባላል፤ የሚፈስሰውም በኢሉባቦር፣ በመቱ አካባቢ ነው። የሶር ማደሪያ ከግንቡ ጀርባ አይገኝም። ይህን ለማስረዳት በቅድሚያ ወደ አገሩ መሄድ ያስፈልጋል።

ኢሉባቦር የውኃ አገር ነው ሲባል ለማሞገስ ያህል የሚነገር ሊመስል ይችላል። ጎሬ ላይ አንድ ክረምት የቆየ ሰው ግን ሙገሳ አለመሆኑን ያውቃል። ዝናቡ በሚያዝያ ግድም ጀምሮ እስከ ጥቅምት ይዘልቃል። የታጠበ ልብስ ተሰጥቶ አይደርቅም፤ የቆርቆሮ ጣሪያ ቀንና ሌት ይንጫጫል፤ መምህሩም የዝናቡን ድምፅ ለመብለጥ እየጮኸ ያስተምራል። በዓመት የሚዘንበው ከ1,500 ሚሊ ሜትር በላይ በመሆኑ አካባቢው ከአገራችን ዝናባም ስፍራዎች ተርታ ይቆጠራል። ጎሬ ከባሕር ወለል በላይ በ2,000 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ተቀምጣለች፤ ጋምቤላ ደግሞ በ500 ሜትር ገደማ ላይ። በሁለቱ መካከል ያለውን ቁልቁለት በአውቶቡስ የወረደ መንገደኛ ጆሮው ሲደፈንና ሲከፈት፣ ካፖርቱንም በመንገድ ላይ ሲያወልቅ ልዩነቱን በገላው ይረዳዋል። ብዙ ውኃና ብዙ ቁልቁለት አንድ ላይ የተገኙበት አገር መሐንዲስን የሚያስጎመጅ ነው።

ጌባና ቢርቢር ተገናኝተው ባሮን ይወልዳሉ። ሶር የጌባ ገባር ነው። ባሮ ጋምቤላን አልፎ፣ ስሙን ለውጦ ሶባት ተብሎ ከነጭ ዓባይ ጋር ይቀላቀላል፤ ስለዚህ የመቱ ውኃና የጣና ውኃ የአንድ አገር ልጆች ሆነው ሳለ በመጀመሪያ የሚተያዩት ካርቱም ላይ፣ በሰው አገር ነው።

የወንዙን ጠባይ ከመሐንዲስ አስቀድሞ ያጠናው ነጋዴ ነበር። በ1894 ዓ.ም. በተፈረመው ውል መሠረት ጋምቤላ ላይ የእንግሊዝ የንግድ ጣቢያ ተቋቋመ። የጎሬ ቡና በበቅሎና በሰው ሸክም ቁልቁል ወርዶ፣ በባሮ ላይ በእንፋሎት መርከብ ተጭኖ ወደ ሱዳን ይሄድ ጀመር። መርከቢቱ ግን የምትመጣው ወንዙ በሞላ ጊዜ ብቻ ነው። ውኃው ሲጎድል መንገዱ ይዘጋል፤ ቡናው በመጋዘን ተቀምጦ ክረምትን ይጠብቃል። ጎሬ ቆንስላና የሩቅ አገር ነጋዴ የሚርመሰመስባት፣ በ1928 ዓ.ም. አዲስ አበባ በጠላት ስትያዝ የራስ እምሩና የጓደኞቻቸው መንግሥት የተጠለለባት ከተማ የሆነችው በዚህ ውኃ ላይ በተመሠረተ ንግድ ነው። ያ ሁሉ ሀብት በወንዙ መሙላትና መጉደል ላይ የተንጠለጠለ እንደ ነበር ልብ ይሏል። ጋምቤላ በ1940ዎቹ መገባደጃ ወደ አገራችን ተመለሰች፤ የመርከቡም ዘመን አለፈ። በደርግ ጊዜ የክፍለ ሀገሩ መቀመጫ ከጎሬ ወደ መቱ ሲዛወር፣ ጎሬ ከነትዝታዋ ኮረብታዋ ላይ ቀረች።

የእኔ ልጅነት የመቱ ነው። በዚያን ጊዜ የከተማው ሰው ሌሊቱን የሚከፍለው በሞተር ነበር። ሞተሩ የናፍጣ ጄኔሬተር ነው፤ ማንም ግን በሙሉ ስሙ አይጠራውም። «ሞተር ተነሣ»፣ «ሞተር ተኛ» ይባላል። ገና ሳል ሲጀምረው እናቶች ኩራዙን ወደሚቀርብ ቦታ ያመጣሉ፤ ልጆችም የቀረችውን የሒሳብ ጥያቄ ለመጨረስ ይሽቀዳደማሉ። ቡና ቤቶች ማሾ አያጡም ነበር። ላምባ በወረፋ የሚገኝበት ወር ነበር፤ ከነጭራሹ የማይገኝበትም ነበር። የሶር የውኃ ኃይል ማመንጫ ሥራ የጀመረው በ1980ዎቹ መባቻ፣ እኔ የዐሥር ዓመት ግድም ልጅ ሳለሁ ነው። ብርሃኑ አስደነቀን ማለት እውነት ነው፤ እኔን ይበልጥ ያስደነገጠኝ ግን ዝምታው ነበር። ያ ሁሉ ብርሃን ያለ አንዳች ጩኸት መምጣቱን ማመን አቃተኝ። ሌሊቱን የሚሞላው የሞተር ድምፅ ጠፍቶ የጅብና የእንቁራሪት ድምፅ ወደ ቦታው ተመለሰ። እናቴ ኩራዟን አልጣለችም፤ ጠርጋ፣ በጨርቅ ጠቅልላ ቁም ሣጥን ላይ አስቀመጠቻት። በየካቲትና በመጋቢት አምፑሉ ደብዘዝ ሲልባት «ሶር ከስቷል» ትል ነበር፤ ስለ ታመመ ዘመድ እንደምትናገር ሆና።

የጣቢያው ዐቅም 5 ሜጋ ዋት ነው። 5,150 ሜጋ ዋት የማመንጨት ዐቅም ካለው ሕዳሴ ጋር ሲነጻጸር አንድ ሺኛውን እንኳ አይሞላም። ይሁን እንጂ ሶር ከብሔራዊው የመብራት መረብ ተለይቶ፣ ራሱን ችሎ ሲጀምር ለአካባቢው ከተሞች ያደረገውን በሜጋ ዋት መለካት ለእነዚያ ከተሞች ደግ መሆን አይመስለኝም። በኤሌክትሪክ የሚሠራ ወፍጮ መጣ፤ የብየዳ ቤት ተከፈተ፤ የማታ ትምህርት ያለ ሥጋት የሚቀጥል ሆነ። እኔ ራሴ የመጀመሪያዬን ግጥም የጻፍኩት በሶር ብርሃን ነው፤ ግጥሟ ምንም የማትረባ ስለሆነች ለሶር ውለታ መክፈያ ትሆናለች ብዬ አላቀርባትም።

ወደዚህ ሐሳብ የመራኝ አንድ የቲያትር ሥራ ነው። በመቱ የሚገኙ መምህራንና ወጣቶች ያቋቋሙት ቡድን ስለ ሶር ግድብ የሚናገር ተውኔት እንድጽፍለት ጠየቀኝ። የተለመደው መንገድ ወለል ብሎ ታየኝ፤ መሐንዲስ፣ ሠራተኛ፣ ሥራውን የሚያሰናክል አንድ ክፉ ሰው፣ በመጨረሻው ትዕይንት ቦግ የሚል መብራት። ሁለት ገቢር ያህል ከነደፍኩ በኋላ የቡድኑ አባል ለሆነው የፊዚክስ መምህር አነበብኩለት። ጨዋ ሰው ነውና አመሰገነኝ፤ ከዚያም «ጋሼ፣ ውኃው ግን የታል?» አለኝ። ውኃውማ ከግንቡ ጀርባ አለ አልኩት። ቾክ አንሥቶ በጥቁር ሰሌዳ ላይ ስሌቱን ሠራልኝ።

ኃይል የሚገኘው ከሁለት ነገር ብዜት ነው፤ በሴኮንድ ከሚወርደው የውኃ መጠንና ከሚወርድበት ከፍታ። ከፍታው 100 ሜትር ነው ብንል፣ ማሽኑ የሚያባክነውን ቀንሰን 5 ሜጋ ዋት ለማግኘት በየሴኮንዱ 6 ሜትር ኩብ ያህል ውኃ መውረድ አለበት። ይህም 300 ባለ ሃያ ሊትር ጀሪካን በአንድ ጊዜ እንደ መድፋት ነው፤ በሚቀጥለውም ሴኮንድ ሌላ 300፤ እንዲህ እያለ ሌሊቱን በሙሉ፣ በጋውን በሙሉ። ኮቃን ወይም ፊንጫን የመሰለ ሰፊ ሐይቅ ያለው ግድብ የክረምቱን ውኃ አከማችቶ በበጋ ይመነዝራል። ሶር እንዲህ ያለ ሐይቅ የለውም። ትንሽ ጣቢያ እንደ ቀን ሠራተኛ ነው፤ በዕለቱ ያገኘውን በዕለቱ ይበላል። «እንግዲህ» አለ መምህሩ ቾኩን እያስቀመጠ፣ «ዝናብ ካቆመ አራት ወር ካለፈው በኋላ፣ በየካቲት፣ እነዚህን ጀሪካኖች የሚሞላው ማነው?»

መልሱን ለማየት በማግስቱ በእግር ወጣን። ከመቱ ወጣ ብሎ በየኮረብታው ግርጌ የሚታየውን ለጥ ያለ፣ ለምለም ሥፍራ የአገሩ ሰው ጨፌ ይለዋል። በአማርኛ ጨፌ ስንል ለዓመት በዓልና ለቡና ወለል ላይ የምንጎዘጉዘው ሣር ይታወሰናል፤ በኦሮሞ ባህል ደግሞ ሸንጎ የሚቀመጥበት መስክ ስሙ ይኸው ነው፤ የኦሮሚያ ምክር ቤትም ጨፌ ተብሎ የሚጠራው ከዚህ የተነሣ ነው። በኢሉባቦር ገበሬ አፍ ግን ጨፌ በመጀመሪያ ረግረግ ነው። ከሩቅ ሲያዩት የግጦሽ መስክ ይመስላል፤ ሲረግጡት እግር ይውጣል። የሚበቅልበት ረጅሙ ሣር የሣር ቤት ይከደንበታል፤ በጠርዙ ምንጭ ይወጣል፤ ሴቶች ይቀዱበታል። ክረምት ከኮረብታው ጫካ ሥር የሰረገውን ዝናብ እንደ ስፖንጅ ይጠጣና፣ በበጋ ጥቂት በጥቂት ወደ ጅረቱ ይለቀዋል። ጅረቱ ወደ ሶር ይወርዳል። የፊዚክስ መምህሩ ጀሪካኖች የሚሞሉት እዚህ ነው።

እዚያ ያገኘናቸው አዛውንት በኦሮምኛ የነገሩንን ነው እዚህ የማሰፍረው። «ጨፌ ጡት ነው ልጄ» አሉኝ። «ክረምት ይሞላል፤ በጋ ያጠባል። ቦይ ቆፍረህ ባንድ ጊዜ ካጠነፈፍከው ግን በአንድ ቀን አልበህ ማድረቅህ ነው።» ዞር ብዬ ሳይ ከጨፌው ግማሹ በቦይ ተተልትሎ በቆሎ ተዘርቶበታል። ይህን ማን አረሰው ብዬ ጠየቅኋቸው። «እኔ ነኛ!» አሉ ሳይደናገጡ። «በሐምሌ የልጅ ልጅ ሲርበው ሣር አይበላም።»

በዚህች መልስ ውስጥ ያለው እውነት ቀላል አይደለም። የኮረብታው እህል የሚደርሰው ከክረምት በኋላ ነው። ጎተራው በሰኔና በሐምሌ ይራቆታል። የረግረጉ በቆሎ በበጋ ተዘርቶ በዚያ በራብ ወር ስለሚደርስ ቤተሰብ ያሻግራል። በደርግም ዘመን ይሁን ከዚያ በኋላ፣ አገር በምግብ ራሷን እንድትችል ሲባል ገበሬው ረግረጉን እያጠነፈፈ እንዲያርስ ይበረታታ ነበር። በ1977 ዓ.ም. ድርቅ ከወሎና ከትግራይ የፈለሰው ወገናችንም በብዛት የሰፈረው ወንዝ በሞላበት በዚሁ አገርና በወለጋ ነው፤ ውኃ አጥቶ የመጣ ሰው ውኃውን አጠንፍፎ እንዲኖር ግድ ሆነበት። በዚህ ላይ የባሕር ዛፍ ተከላ ተጨመረ፤ ባሕር ዛፍ በጨፌ ጠርዝ ሲተከል ምንጩን እንደሚጠጣ ለማወቅ የደን ትምህርት አያስፈልግም። አዛውንቱን ቆሜ ልወቅስ ብል የምወቅሰው እኔ፣ ማታ አምፑል ሥር ተቀምጬ እንጀራ የምበላው ነኝ።

ሆኖም አገሬው ለዚህ ጭንቅ መላ ሳያበጅ አልኖረም። ምንጩ የሚፈልቅበት የጨፌው ራስ አይታረስም። ዙሪያውን ሣር ይቀርለታል። በቆሎው ከተሰበሰበ በኋላ ቦዩ ይደፈንና ውኃው ተመልሶ እንዲተኛ ይደረጋል። ቦይ በየትኛው ቀን እንደሚከፈት፣ ከብት መቼ እንዳይገባ እንደሚከለከል፣ ማን ከማን ቀድሞ እንደሚቆፍር የሚወስን በሰፈሩ የተመረጠ ሰው አለ፤ አባ ለጋ ይሉታል፤ የወንዝ አባት እንደ ማለት ነው። አባ ለጋ ደመወዝ የለውም፤ የብረት ቆብም አይደፋም። ለእኔ ግን የጣቢያውን ተርባይን ከሚቆጣጠረው ባለሙያ ጎን የሚቆም የሥራ ባልደረባ ነው፤ አንዱ ውኃውን ከላይ ይለቃል፣ ሌላው ከታች ይቀበላል። በየሰፈሩ የአባ ለጋ ቃል ዛሬ የቀድሞውን ያህል እንደማይከበር አዛውንቱ ነግረውናል። መሬት ጠቧል፤ ወጣቱ በዝቷል። «ቦዩን ድፈን ብለው፣ ያንተ በቆሎ ደርሷል፣ የእኔ ገና ነው ይለኛል። እውነቱን ነው» አሉ።

ከዚያች ቀን በኋላ ስለ ግድቦቻችን የማውቀውን ሁሉ በሌላ ዓይን መመርመር ጀመርኩ። የአዋሽን ውኃ የሚያጠራቅመው ኮቃ በጣልያን የጦር ካሣ ተሠርቶ በ1952 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር፣ የጅሌ ኦሮሞ የግጦሽ መሬት ከሥሩ ቀርቷል። ከዚያ ወዲህ ከተራቆተው ተራራ የሚወርደው ደለል የሐይቁን ሆድ ዓመት ካመት እየሞላው ብዙ የውኃ ቦታ ወስዷል። ከአዲስ አበባ ብዙ ሳይርቅ፣ በአቃቂ ወንዝ ላይ ያለው አባ ሳሙኤል ለውኃ ኃይላችን በኵር ሆኖ ሳለ ለአሠርት ዓመታት ሥራ አቁሞ ኖሯል፤ በ2009 ዓ.ም. ግድም ታድሶ ተነሣ። ይበልጥ የሚያስገርመኝ የፊንጫ ነገር ነው። በ1960ዎቹ አጋማሽ የፊንጫ ግድብ ሲሠራ ሐይቁ የተኛው ጮመን በሚባለው ታላቅ ረግረግ ላይ ነው። እዚያ ረግረጉ ራሱ ሐይቅ ሆነ ማለት ነው። ከብቱን በረግረጉ ዳር ያሰማራ የነበረው ገበሬ ወደ ተዳፋቱ ተገፋ፤ ተዳፋቱ ሲታረስና ሲጋጥ አፈሩ ተመልሶ ወደ ሐይቁ ወረደ። ሰው ከቦታው ሲነሣ መሬቱም ተከትሎት እንደሚነሣ ከዚህ የተሻለ ማስረጃ አላውቅም።

ስለ ውበትም አንድ ነገር ማንሣት ይገባል፤ ይህ የኪነ ጥበብ መጽሔት ነውና። ከመቱ 13 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ፣ በቤቾ አቅራቢያ፣ ሶር 20 ሜትር ገደማ ቁልቁል ተወርውሮ ሰፊ ገደል ውስጥ ይገባል። ወደዚያ የሚያደርሰው የመጨረሻው የእግር መንገድ በጥቅጥቅ ጫካ ውስጥ ነው፤ ጉሬዛ ከዛፍ ዛፍ ሲዘል ነጭ ጭራው እንደ መምህር ካባ ይርገበገባል። በሰሜን የጢስ ዓባይ ፏፏቴ ላይ የደረሰው ይታወቃል። በ1956 ዓ.ም. ከተሠራው አነስተኛ ማመንጫ ቀጥሎ በ1993 ዓ.ም. 73 ሜጋ ዋት የሚሰጠው ሁለተኛው ሲታከል፣ አብዛኛው ውኃ በቦይ ተጠልፎ ፏፏቴው በብዙ ወራት ሳሳ። ያን ጊዜ «ለቱሪስት ብለን በጨለማ እንኑር?» ያሉ ነበሩ። ጥያቄው ተገቢ ነው። ለእኔ ግን ፏፏቴ የቱሪስት ነገር ብቻ አይደለም። የባሕር ዳር ሕፃን የአገሩን ውኃ መጠን የሚለካበት ዓይኑ ነው። ውኃው በዓይን እስከ ታየ ድረስ ሰው ይጠይቃል፤ በብረት ቧንቧ ከገባ በኋላ የሚጠይቀው የሒሳብ ሹሙ ብቻ ነው።

ለኢሉባቦር ገና የሚመጣ ነገር አለ። በጌባ ወንዝ ላይ ከ300 ሜጋ ዋት በላይ የሚሰጡ ሁለት ግድቦች፣ በባሮና በገንጂ ላይም በድምሩ 900 ሜጋ ዋት ገደማ የሚሆኑ ማመንጫዎች ለዓመታት ሲጠኑ ኖረዋል። እነዚህ እንደ ሶር የቀን ሠራተኞች አይሆኑም፤ ሐይቅ ያላቸው ናቸው። ጌባ የሚያልፈው በያዮ ደን አጠገብና ውስጥ ነው፤ ይህ ደን በዱር የበቀለ ቡና በዋንዛና በቀረሮ ጥላ ሥር የሚገኝበት በመሆኑ በ2002 ዓ.ም. በዩኔስኮ የሕይወት ክልል ተብሎ ተመዝግቧል። ዓለም የሚጠጣው የአረቢካ ቡና ዘር ከነብዙ ዓይነቱ የተቀመጠበት ጎተራ ነው ቢባል አልተጋነነም። በክፍለ ሀገሩ የቀድሞ ወሰን ውስጥ በነበረው በአቦቦ፣ በ1970ዎቹ በሶቪዬት ኅብረት ርዳታ የተሠራውን የአልዌሮን የመስኖ ግድብ ያየ ሰው ሌላም ነገር ይማራል። ውኃው ተጠራቀመ፤ ሊያጠጣው የታሰበው እርሻ ግን በአብዛኛው ለአሠርት ዓመታት ሳይደርስለት ቆየ። ከግንቡ በላይ ያለው አገርና ከግንቡ በታች ያለው እርሻ ካልታሰበበት፣ ግንቡ ብቻውን ውኃ ያቁራል እንጂ ሥራ አይሠራም።

እኔ ጨለማን አልመርጥም። ጨለማ ባለቅኔ የሚያሞግሰው፣ ገበሬ የሚኖርበት ነገር ነው። ጌባም ይገደብ፣ ባሮም ይገደብ፤ ነገር ግን የግድቡ ዋጋ ሲሰላ ሲሚንቶና ብረት ብቻ እንዳይቆጠር እሻለሁ። ከላይ ያለው ጨፌ የግድቡ አካል ነው፤ ጫካውም አካሉ ነው። የጨፌውን ራስ ሳያርስ የሚተወው ገበሬ በሐምሌ የሚርበው ስለ ከተማው መብራት ነው፤ እስከ ዛሬ ግን የመብራቱ ገቢ ለእርሱ በቆሎ የገዛለት ጊዜ የለም። ለካድሬው፣ ለመምህሩና ለመሐንዲሱ ይህ የበጀት ጥያቄ ነው። ለእኔ የተውኔት ጥያቄ ሆነብኝ።

ረግረግን በመድረክ እንዴት ማሳየት ይቻላል? ግንብን ማሳየት ቀላል ነው፤ ሸራ ወጥሮ ግራጫ ቀለም መቀባት ነው። ጨፌ ግን አይቆምም፤ አይጮኽም፤ የሚሠራውን ሥራ ተኝቶ ይሠራል። ድራማ የሚወደው የሚነሣን ነገር ነው። ሁለቱን ገቢሮች ትቼ በአዲስ ጀመርኩ። መሐንዲሱ አለ፤ ክፉው ሰው ግን ወጥቷል፤ በእርሱ ፈንታ በሐምሌ ልጇ የተራበባት ሴትና ቦዩን እንድትደፍን የሚለምናት አባ ለጋ ገብተዋል። ሁለቱም ትክክል ስለሆኑ ትዕይንቱን መጨረስ ለሳምንታት አቅቶኝ ነበር። የፊዚክስ መምህሩ አባ ለጋን ይጫወታል፤ በልምምድ ጊዜ ድምፁ ከመምህርነቱ አልላቀቅ ብሎት እናቲቱን ሲለምናት ፈተና የሚሰጥ ይመስላል፤ እየተሻሻለ ነው።

የመድረኩን ወለል በእውነተኛ የጨፌ ሣር ለመሸፈን ወሰንን። ስድስት ሸክም ይበቃል ተባለና የመድረክ ዕቃ የሚያዘጋጀው ወጣት አንድ ቅዳሜ ጧት ከመቱ ተነሣ። በልጅነቴ ለበዓል የምናጭድበት፣ ከከተማው ጥግ ያለው ጨፌ ሙሉ በሙሉ በቆሎ ሆኗል። ቀጥሎ ያለው ባሕር ዛፍ ተተክሎበታል። ሦስተኛው ሣር አለው፤ ነገር ግን ባለቤቱ ለቤት ክዳን ሸጦታል። ወጣቱ ወደ ሑሩሙ አቅጣጫ ብዙ ተጉዞ፣ ከሰዓት በኋላ አንድ ያልተነካ ጨፌ አገኘ። የዚያ ሰፈር አባ ለጋ ነገሩን ሁሉ አስጨርሰው ካዳመጡት በኋላ ከጠርዙ ብቻ እንዲያጭድ፣ ወደ ምንጩ ግን እንዳይጠጋ አስጠነቅቀው ፈቀዱለት፤ አጠገቡም ቆመው ቆጠሩ። አራተኛው ሸክም ሲታሰር «ይበቃል» አሉት። የመድረካችን ወለል ከግራ በኩል ሁለት ሜትር ያህል ራቁቱን ነው።